ካርቶን እጅ አለው?

አክስት፦ ከጫማዎቹ ሥር እይው፤ በፎጣ የጠቀለልኩት። ስድስት ካርቶን ነው። አንዱም አልተጨፈለቀም።

ልጅት፦ የኬክ ዱቄት? አክስቴ፣ ከ23 ኪሎ በላይ በማይፈቀድበት ሻንጣ የኬክ ዱቄት ጭነሽ መጣሽ? እኔ ኬክ ቤት እየሠራሁ?

አክስት፦ ስለምትሠሪ ነዋ ያመጣሁት። በዓል በመጣ ቁጥር የሰው ቶርታ ስታስጌጪ ታመሺና ሞተሽ ትመጫለሽ። ቤታችን ግን ገናን በድፎ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ዘንድሮ ኬኩን እኔ እጋግራለሁ። ሦስት እንቁላል፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ አለቀ።

ልጅት፦ እኔን የምትከነክነኝ እሷ «አለቀ» የምትለዋ ቃል ናት። ዛሬ የገና ዋዜማ ነው። እማማ እርሾውን ሲጠብቁ ነው የሰነበቱት፤ ኮባው ታጥቦ ተቀምጧል፣ ጥቁር አዝሙዱ ተለቅሟል፣ የዶሮው ሽንኩርት ከሌሊት ጀምሮ እየተቁላላ ነው። ከዚህ ሁሉ ጎን አንቺ መቀስ አንስተሽ ካርቶን ልትቀጂ ነው።

አክስት፦ መቀስም አያስፈልገው፤ በጣት ይከፈታል።

ልጅት፦ ቀልዱን ተይውና አንድ ነገር መልሺልኝ። ሰው ምግብ ሲጥመው «እጇ ይጣፍጣል» ይላል። «ካርቶኗ ይጣፍጣል» ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ነገ እንግዳው ቀምሶ «እጅሽ ይባረክ» ሲልሽ የሚባረከው የማን እጅ ነው?

አክስት፦ የእኔ። እንቁላሉን የሰበረው፣ የመታው፣ መጋገሪያውን ቅቤ የቀባው፣ ኦቭኑ ደጅ ቆሞ የጠበቀው የማን እጅ ሆነና? እንዲያውም ስለ እንቁላሉ ልንገርሽ። አሜሪካ እንደገባሁ የተቀጠርኩት ሱፐርማርኬት ነበር፤ እዚያ አንዲት አሮጊት ባልደረባዬ ናት ያጫወተችኝ። ድሮ ዱቄቱ ከነእንቁላሉ ነበር የሚመጣው፤ እንቁላሉ ደርቆ፣ ደቅቆ፣ ተቀላቅሎበት። ሴትየዋ ውሃ ጠብ ታደርግበታለች፣ በቃ። ሴቶቹ ግን አንገዛም አሉ። ያልደከሙበትን ኬክ ለባልና ለልጅ ማቅረብ ማታለል መሰላቸው። በመጨረሻ አንድ የሥነ ልቦና ሊቅ ተጠራና «እንቁላሉን አውጡት፤ ራሷ ትስበረው» አለ። ገበያው ደራ። ይኸውልሽ፣ ፋብሪካው እንኳ ለእጅ ቦታ ትቷል።

ልጅት፦ ሊቁ ኤርነስት ዲችተር ነው፤ ከቪየና ተሰዶ አሜሪካ የገባ። ስልጠና ላይ ይህን ወግ ለእኛም ነግረውናል። ደስ ይላል፣ ሲመረምሩት ግን አይቆምም። ከታሸገ የኬክ ድብልቅ ጀማሪዎች አንዱ ፒትስበርግ የነበረ ዳፍ የሚባል የሞላሰስ ነጋዴዎች ድርጅት ነው። ሞላሰሱ ተረፋቸው፤ አድርቀው ከዱቄት ጋር ቀላቀሉትና እ.ኤ.አ. በ1933 ለዝንጅብል ዳቦ ድብልቅ የፈጠራ መብት አገኙበት። ከዚያ በ1935 ባወጡት ሁለተኛ ሰነድ፣ ሴቶች ትኩስ እንቁላል ራሳቸው መጨመር እንደሚመርጡ ጽፈው የደረቀውን እንቁላል አወጡት። ዲችተር ያኔ ገና ቪየና ነበር። አሜሪካ የገባው በ1938 ነው።

አክስት፦ ቢሆንስ? ማን እንዳወጣው ምን ቸገረኝ?

ልጅት፦ ለምን እንደወጣ ነው ነገሩ። የደረቀ እንቁላል ኬኩን ያበላሸዋል፤ መጋገሪያው ላይ ያጣብቀዋል፣ ሽታም አለው። ትኩሱ ኬኩን ያሳምረዋል። አንቺ «እጄ አለበት» የምትይው ቦታ ፋብሪካው በዱቄት መልክ ሊሠራው ያልቻለው ሥራ ነው። አክብሮሽ አይደለም፤ አቅቶት ነው የተወልሽ።

አክስት፦ አቅቶት የተወልኝም ቢሆን ቦታ ቦታ ነው። ድፎውንስ የሚያነሳው እናትሽ ናት? እርሾው ነው። በዓይን የማይታይ ነገር ሌሊቱን ሲሠራልሽ ያድራል፤ ጠዋት «እኔ ጋገርኩ» ትያለሽ።

ልጅት፦ እርሾውን ግን ያሳደርሽው አንቺ ነሽ። በርዶት እንደሆነ፣ ኮምጥጦ እንደሆነ አሽትተሽ ታውቂያለሽ።

አክስት፦ ልጄ፣ አንቺ ይህን የምትዪው እናትና አያት በሞሉበት ቤት ተቀምጠሽ ነው። እኔ ሜሪላንድ የገባሁ ዓመት ቀን ሱፐርማርኬት፣ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ነበርኩ። ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ «ነገ ለክፍሌ ልጆች የልደት ኬክ ይዤ እሄዳለሁ፤ ለአስተማሪዋ ነግሬያታለሁ» አለችኝ። እኔ በአራት ሰዓት ሥራ እገባለሁ። እንግሊዝኛዬ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። የካርቶኑ ጀርባ ላይ ሥዕል ነበር፤ ሦስት እንቁላል ተስሏል፣ ኩባያ ተስሏል፣ የዘይት ጠብታ ተስሏል። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ማንም ሳያርመኝ የሠራሁት የመጀመሪያው የአሜሪካ ነገር እሱ ነው። መምቻ አልነበረኝም፤ በሹካ ነው የመታሁት። አንዱ ጎን ከፍ፣ አንዱ ጎን ዝቅ ብሎ ወጣ። ልጅቷ ከፍ ያለውን ጎን ለአስተማሪዋ ሰጠችና መጣች።

ልጅት፦ ያንን ኬክ እኔም ባርኬዋለሁ፤ ክርክሬ ከሱ ጋር አይደለም። እሱ ከሥራ ሰዓቷ አንድ ሰዓት የቀራት የብቸኛ እናት ኬክ ነው። ዛሬ ግን ቤት ሙሉ ሰው አለ፣ ጊዜ አለ፣ እኔ አለሁ። ችግር ያመጣውን ነገር ችግሩ ከሄደ በኋላ ለምን በሻንጣ ታዞሪዋለሽ?

አክስት፦ ክራንችም ችግር ያመጣው ነው፤ እግሩ ከዳነ በኋላ ያስቀመጠው ሰው ታውቂ የለ? ደግሞ ለልጆቼ ገና ማለት የቫኒላ ሽታ ነው። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ዶሮው ከተበላ በኋላ እሱን ነው የሚፈልጉት። እሺ፣ ይህ የእኔና የእነሱ ጉዳይ ነው እንበል። አንቺን ልጠይቅ፤ ሽሮ ምንድን ነው?

ልጅት፦ እንዴት ምንድን ነው?

አክስት፦ ሽምብራ ወይ አተር ይቆላል፣ ይከካል፤ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ጨዉ ሳይቀር ተቀላቅሎበት ይፈጫል። ከዚያ? ውሃ። ታማስያለሽ፣ ይንተከተካል፣ ይቀርባል። 28 ዓመት ሙሉ በሰው ሻንጣ ከዚህ ቤት እየተላከልኝ የበላሁት እሱን ነው። ማንም «ይህ እጅ የለውም» ብሎኝ አያውቅም። ካርቶን ስለሌለው ነው? በፌስታል ስለመጣ?

ልጅት፦ ይቺ ትከብዳለች።

አክስት፦ ትክበድ እንጂ።

ልጅት፦ ቆይ። ሽሮው ውስጥ እጁ አለ፤ ሩቅ ነው እንጂ አለ። በርበሬውን ፀሐይ ላይ ያሰጡት እማማ ናቸው፤ ደመና ሲመጣ ሮጠው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አንቺ እዚያ ሆነሽ ቀምሰሽ «ዘንድሮ ኮረሪማው በዛ» ብለሽ ትደውያለሽ፤ ለከርሞ ይቀነስልሻል። ኬኩ ጣፋጭነቱ ቢበዛብሽ ለማን ትደውያለሽ? ለቤቲ ክሮከር?

አክስት፦ ብደውልስ ምን አለበት?

ልጅት፦ የለችም! ኖራም አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ1921 ሚኒያፖሊስ የነበረ የዱቄት ፋብሪካ ለሴቶች ደብዳቤ የሚመልስበት የሴት ስም ቸገረውና ፈጠራት። «ክሮከር» ከድርጅቱ ጡረታ የወጣ የአንድ ኃላፊ ስም ነው፤ «ቤቲ» ለጆሮ ደስ ስለሚል ተጨመረ። በ1936 ሠዓሊ መልክ ሰጣት። በ1945 ፎርቹን መጽሔት በአሜሪካ ከኤሌኖር ሩዝቬልት ቀጥላ የምትታወቅ ሴት አላት። በስሟ የመጀመሪያው የኬክ ካርቶን የወጣው በ1947 ነው። ፊርማ አላት፣ እጅ የላትም።

አክስት፦ ደብዳቤዎቹን ግን ሰዎች ናቸው የሚመልሱት?

ልጅት፦ ሠራተኞች፣ አዎ።

አክስት፦ ድብልቁንስ ከመሸጡ በፊት ደጋግሞ ጋግሮ፣ ስኳሩን ቀንሶ፣ ዱቄቱን ጨምሮ የሞከረው? ጠረጴዛው ነው? ሴቶች ናቸው፤ ነጭ ጋውን የለበሱ፣ ደመወዝተኛ ሴቶች። ስማቸውን ስላላወቅሽ እጅ የላቸውም? በዚህ ሳምንት ስንት ቶርታ አስጌጥሽ?

ልጅት፦ አልቆጠርኩም። ብዙ።

አክስት፦ ስምሽ አለበት? ኬክ ቤቱ ካርቶን ላይ የባለቤቱ ስም ነው ያለው። ያንን ቶርታ ነገ የሚቆርሰው ሰው «የልጅቷ እጅ ይጣፍጣል» ይላል?

ልጅት፦ አይልም።

አያት፦ ወሬያችሁን እየሰማሁ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነስታ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጭ ነበር። እኔም ከጎኗ። መዳፌ ተልጦ ጨው ሲነካው አለቅስ ነበር። ኋላ ሞተር ወፍጮ መጣ። እናቴ «ሞተር የፈጨው ዱቄት ይነዳል፣ እጅ የለውም፣ እንጀራው አያጠግብም» አለች።

ልጅት፦ እርስዎስ ምን አደረጉ፣ እማማ?

አያት፦ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ይልቅ ነይና ሽንኩርቱን አማስይ፤ ሊይዝ ነው።

ልጅት፦ መጣሁ። ግን አክስቴ፣ ይቺን ይዘሽ እንዳታሸንፊኝ። ሞተሩ የእማማን ድካም ወሰደ እንጂ ውሳኔያቸውን አልወሰደም። ጤፉ የቱ ይሁን፣ ማሽላ ይቀላቀልበት፣ ይላም ወይስ ይሻክር፣ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ካርቶኑ ግን ድካሙን ብቻ አይደለም የሚወስደው። ዱቄቱን ማን እንደመረጠው አታውቂም፤ ብዙ ጊዜ በክሎሪን የነጣ ነው፤ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ዱቄትን እንዲያ ማንጣት ክልክል ነው። ስኳሩ ስንት እንደሆነ፣ ዘይትና ውሃውን የሚያስማማው ቅመም ምን ያህል እንደሆነ ተወስኖልሽ መጥቷል።

አክስት፦ ተወስኖ መምጣቱን ነው የምወድለት። መብራት ሳይጠፋ ኦቭኑን ላብራ።

* * *

አክስት፦ ምን ሆነ? ነፍቶ ነበር እኮ፣ በመስታወቱ ሳየው ነበር። መሃሉ ጎድጉዶ ገባ። ሜሪላንድ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

ልጅት፦ ሜሪላንድ ባሕሩ አጠገብ ነው። ካርቶኑን አምጪው። እዚህ ጥግ ላይ፣ ከሁሉም በደቀቀው ፊደል የተጻፈውን አንብቢልኝ።

አክስት፦ «ከፍታ ቦታ፤ ከ3,500 እስከ 6,500 ጫማ…» ዱቄት ጨምሩበት ይላል። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁትም?

ልጅት፦ አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ናት፤ ወደ 7,700 ጫማ ማለት ነው። ካርቶኑ የሚያውቀው ዓለም ከእኛ በታች ያልቃል። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚለቀው ጋዝ የሚጫነው ስለሚያንስ ቶሎ ይነፋል፤ ኬኩ ገና ሳይጠነክር አረፋዎቹ ይፈነዳሉ፣ መሃሉ ይወድቃል። ውሃውም 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው። በእኔ ሊጥ ቢሆን ቤኪንግ ፓውደሩን እቀንሳለሁ፣ ስኳሩንም ትንሽ። በአንቺ ግን አልችልም። ገብቶበታል። ከዱቄቱ ለይቼ አላወጣውም። ውሳኔ ተቀላቅሎ ሲመጣ እንዲህ ነው።

አክስት፦ እህ። ሽሮው በርበሬ ሲበዛበትስ እናንተ በርበሬውን ለቅማችሁ ታወጣላችሁ?

ልጅት፦ አይ…

አክስት፦ ነጭ ሽሮ ትጨምሩበታላችሁ። ንገሪኝ፣ ምን ልጨምር?

ልጅት፦ ዱቄት አራት የሾርባ ማንኪያ፣ ውሃ ሁለት ማንኪያ። ኦቭኑን ከ177 ወደ 190 አድርጊው፤ ቶሎ እንዲጠነክር። መጋገሪያውን ከግማሽ በላይ አትሙዪው። ስትመቺውም አታብዢው፤ አየር አታስገቢበት።

አክስት፦ አየሽ? እጅ ገባበት።

ልጅት፦ የእኔ እጅ ነው የገባበት! እኔ ባልኖርስ? ባሕር ዳርቻ ላይ 28 ዓመት ስትጋግሪ ካርቶኑ ያስተማረሽ ነገር ቢኖር ኖሮ መሃሉ ለምን እንደወደቀ ታውቂ ነበር። ሁልጊዜ ስለሠራልሽ አንድ ቀን ሲከዳሽ ባዶ እጅሽን ቀረሽ። እማማን ተመልከቻቸው፤ ጾም ስለሆነ የዶሮውን ወጥ አይቀምሱትም። ማማሰያውን አንስተው ያሸታሉ፣ «ጨው ይቀረዋል» ይላሉ። ነገ ትበይዋለሽ፣ ልክ ነው። እጅ ማለት ይህ ነው።

አክስት፦ እኔም ጾመኛ ነኝ። የእኔ ኬክ ጭራሽ መቀመስ አያስፈልገውም። ለዋዜማ ከዚህ የሚሻል ምግብ አለ?

ልጅት፦ ነገር ማዞር ትችይበታለሽ።

አክስት፦ እውነቴን ነው። በጾሙም ቢሆን፣ 43ቱን ቀን ሙሉ ደብራችን ያሉ ሴቶች እንቁላሉን ትተው ጋዝ ያለው ውሃ ጨምረውበት ይጋግሩታል። እዚህ አምቦ ውሃ ማለት ነው። ይነፋል።

ልጅት፦ ድብልቁ ውስጥ ወተት ካለበትስ?

አክስት፦ አንዳንዱ አለበት፤ አንብበን ነዋ የምንገዛው። የገባበት ሁሉ፣ ከብዙው ወደ ትንሹ በቅደም ተከተል ተጽፏል። እናንተ ኬክ ቤት የምትሸጡት ጾም ኬክ ላይ ምን እንዳለ የት ነው የተጻፈው? ላዩ ላይ ያለው ነጩ ክሬም ከምንድን ነው የተሠራው?

ልጅት፦ …በከረጢት የሚመጣ ዱቄት አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረን በማሽን እንመታዋለን።

አክስት፦ ለፍስኩም?

ልጅት፦ ለፍስኩም። ሊጡም ውስጥ በባልዲ የሚመጣ ነገር አለ፤ እንደ ቅባት ያለ፣ ሲመቱት አረፋውን የሚይዝ። ያለ እሱ በአንድ ሌሊት ያን ሁሉ ትእዛዝ ማድረስ አይቻልም።

አክስት፦ እንግዲያው አስረጂኝ። ገንዘብ የምትቀበዪው አንቺ በከረጢትና በባልዲ ስትሠሪ ሙያ ነው፤ ቤቷ ውስጥ አምስት ሳንቲም ሳይከፈላት የምትሠራዋ ሴት በካርቶን ስትሠራ ስንፍና ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ማን ነው?

ልጅት፦ ስንፍና አላልኩም። እንደዚያ የመሰለሽ ሌላ ሰው ብሎሽ ስለሚያውቅ ይሆናል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ካርቶኑ አሳረፈሽ?

አክስት፦ እንዴት?

ልጅት፦ ድፎው ቀረ? አልቀረም። ዶሮው፣ አይቡ፣ ጠላው ቀረ? አልቀረም። ኬኩ ተጨመረ። ቀላል ስለሆነ ብቻ አንድ ግዴታ ወደ በዓሉ ገባ፤ የከርሞ እንግዳ «ኬኩስ?» ይላል። አሜሪካም ይኸው ነው የሆነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ገበያው ሲቀዘቅዝ ድርጅቶቹ ያመጡት መላ ማስጌጥን ነው። መጋገሩ ቀለለ፤ በተረፈው ሰዓት ሴትየዋ ኬኩን ቤት አስመስላ፣ የስፖርት ሜዳ አስመስላ በክሬም ስትለስን ታምሽ ተባለ። የወሰዱላትን ድካም በሌላ በር መለሱላት። ደግሞ ካርቶኑን አይተሽዋል? ድሮ 517 ግራም ነበር፤ አሁን ያመጣሽው 432 ነው። ሥዕሉ አላነሰም፣ ዱቄቱ ነው ያነሰው።

አክስት፦ ታዲያ ስድስት ያመጣሁት ለምን መሰለሽ? የእኔ ማስታወሻ ላይ ያለው ልክ የድሮው ካርቶን ነው። አምስት ኬክ ለማውጣት አሁን ስድስት ካርቶን ይፈጃል። አስልቼዋለሁ፤ አምስቱ የድሮው 2,585 ግራም፣ ስድስቱ ያሁኑ 2,592። ካርቶን ምንም አላስተማረሽም ትዪኛለሽ!

ልጅት፦ ይቺን ሒሳብ ከኬክ ቤቱ ባለቤት ጋር ላገናኛት።

አክስት፦ ስለ ማረፉ ያልሽውን ግን አልክድሽም። አላረፍኩም። ካርቶን ያሳረፈው ሰው አላውቅም። ግን አንድ የማታውቂው ነገር አለ። «እጅ አላት» የሚባልበት ቤት ውስጥ «እጅ የላትም» የምትባልም ሴት አለች። አንዷ ካልተባለች ሌላዋ አትባልም። በዚህ ቤት እሷ እኔ ነበርኩ።

አያት፦ ድፎውን አሳርረሽ እኮ ነው።

አክስት፦ አንድ ጊዜ፣ እማዬ! አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከላይ ያለው እሳት በዛና ከላይ አረረ፣ ውስጡ ሊጥ ሆነ። ከዚያ በኋላ እናትሽ ነበረች የምትጠራው፤ እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ። እንግዳ ሲመጣ «ይቺ ደግሞ ለትምህርት ናት» እባላለሁ። ምስጋና ይመስላል፤ አይደለም። እጅ በደም ነው የሚተላለፍ ይመስል ማንም ተቀምጦ አላሳየኝም። ካርቶኑ ግን የማን ልጅ ነሽ፣ እናትሽ እንዴት ነበረች አላለኝም። ሦስት እንቁላል አለኝ። የመጨረሻው ወንዱ ልጄ በዘጠኝ ዓመቱ ብቻውን ጋገረ። ድፎ ለመድፋት በስንት ዓመቱ የሚፈቀድለት ይመስልሻል?

ልጅት፦ ይህን አላውቅም ነበር።

አክስት፦ ስላልተነገረሽ ነው።

ልጅት፦ ብናገር ቅር ይልሻል?

አክስት፦ ተናገሪ።

ልጅት፦ «እጅ የላትም» ሲሉሽ ካርቶኑ «ውሸታቸውን ነው፣ አለሽ» አላለሽም። «እጅ አያስፈልግም» ነው ያለሽ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኔ ብሆን የሚያሳየኝ ሰው ነበር የምፈልገው።

አክስት፦ እኔም ሰው ነበር የምፈልገው። አልመጣም፤ ካርቶኑ መጣ። አንቺ እስክትደርሺ ሽንቴን ይዤ ልጠብቅ?

አያት፦ እህ፣ አፍሽን!

ልጅት፦ ሽታው መጣ። ቆይ አትክፈቺው፣ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። አሁን የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ሰክተሽ ስታወጪው… ንጹሕ ነው። መሃሉም ቆሟል። ጠርዙ ትንሽ ሰንጠቅ ብሏል፤ ሙቀቱን ስለጨመርን ነው፣ ክሬም ይሸፍነዋል። የእውነት ክሬም አመጣለሁ፣ ከከረጢቱ አይደለም።

አክስት፦ የወደቀውስ?

ልጅት፦ አይጣልም። ነገ በወተት አርሰን በብርጭቆ እንደራርበዋለን፤ ሌላ ስም እንሰጠዋለን። ኬክ ቤት ያስተማረኝ ትልቁ ሙያ እሱ ነው።

አያት፦ በር ተንኳኳ። ጎረቤቶቹ ናቸው፤ «እንኳን ደህና መጣሽ» ሊሉሽ ነው።

አክስት፦ ውይ። ካርቶኖቹን ከጠረጴዛው ላይ አንሺያቸው።

ልጅት፦ ለምን? ታፍሪበታለሽ እንዴ?

አክስት፦ አላፍርበትም። አንሺያቸው።

ልጅት፦ እዚህ እኮ አንድ ብቻ ነው ያለው። ሌላውን ባዶ ካርቶን ማን ወሰደው?

አያት፦ እኔ ነኝ። ጥቁር አዝሙድ አድርጌበታለሁ። ጥሩ ካርቶን ነው።